«ራዶን የነጋዴዎች ማስፈራሪያ ነው» ለሚለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፉት ሳምንታት በከተማ ዳር ባለው የመኖሪያ መንደራችን አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። ርእሱ «ራዶን የነጋዴዎች ማስፈራሪያ ነው» ይላል። ራዶን ከአፈር ወጥቶ ቤት ውስጥ የሚከማች፣ የሳንባ ካንሰር የሚያመጣ ጋዝ ነው። ጸሐፊው ረጋ ብለው የሚጽፉ፣ አንባቢን የሚያከብሩ ሰው ናቸው፤ ያሳሰበኝም ይኸው ነው። በቁጣ የተጻፈ ቢሆን ኖሮ ብዙዎች አንብበው ይተዉት ነበር። አሁን ግን ቤታቸውን ሊለኩ አስበው የነበሩ ሁለት ጎረቤቶቼ ጽሑፉን ካነበቡ በኋላ ሐሳባቸውን ትተዋል። ከሁለቱ አንዷ ምድር ቤቱን ለልጆቿ መኝታ አድርጋዋለች።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። ራዶን ከመሬት የሚወጣ ተፈጥሯዊ ጋዝ ስለሆነ የሰው ልጅ ለምዶታል፤ ጉዳቱ የታየው በማዕድን ቆፋሪዎች ላይ ብቻ ነው፤ የማያጨስ ሰው የሚሰጋበት ምክንያት የለውም፤ መንደራችን አዲስ ነው፣ የተለኩት ጥቂት ቤቶችም ደህና ሆነው ተገኝተዋል፤ መለኪያዎቹ ዛሬ ያሉትን ነገ አይደግሙም፤ መስኮት መክፈት ይበቃል፤ ወሬውን የሚያናፍሱትም መለኪያና ጋዙን ስቦ የሚያወጣ ማራገቢያ የሚሸጡት ናቸው። በመጨረሻም «በመንደራችን በራዶን የሞተ አንድ ሰው ስም ጥሩልኝ» ብለው ይጠይቃሉ። በየተራ እመልሳለሁ፤ ጸሐፊው እውነት የተናገሩበትንም ቦታ አልሸሽግም። የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ተፈጥሯዊ ነው፤ ለምደነዋል»

ተፈጥሯዊ መሆኑ እውነት ነው። በዓለትና በአፈር ውስጥ በጥቂት በጥቂቱ ተበትኖ የሚገኘው ዩራኒየም እጅግ ረጅም ዘመን እየወሰደ ወደ ራዲየም ይለወጣል፤ ራዲየም ሲፈራርስ ደግሞ ራዶን ይሆናል። ሌሎቹ ከዓለቱ ጋር ታስረው ሲቀሩ ራዶን ጋዝ በመሆኑ በአፈሩ ቀዳዳዎች እየሾለከ ወደ ላይ ይወጣል። ሜዳ ላይ ከወጣ ነፋስ ይበትነዋል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከቤት ውጭ ያለው መጠን በአብዛኛው በሜትር ኩብ ከ5 እስከ 15 ቤከሬል ነው። አንድ ቤከሬል ማለት በአንድ ሴኮንድ አንድ አቶም ሲፈራርስ ማለት ነው፤ ከዚህ በኋላ የምጠቅሰው የቤከሬል መጠን ሁሉ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ነው። የሰው ልጅ ከጥንት ጀምሮ አብሮት የኖረው ይህ መጠን ነው። ሙቀት እንዳያመልጥ ዙሪያው በተደፈነ ቤት ውስጥ ያንኑ ጋዝ አከማችቶ ሌሊቱን ሙሉ መተንፈስ ግን የጥንት ልማድ አይደለም።

ሰውነት ይለምደዋል የሚለውም አያስኬድም። ራዶን ራሱ በብዛት ተተንፍሶ ይወጣል። ጉዳት የሚያደርሱት ከእርሱ የሚወለዱት፣ ዕድሜያቸው በደቂቃ ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ የሚቆጠረው ጠጣር ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ በተለይ ፖሎኒየም 218 እና ፖሎኒየም 214። እነዚህ ብናኝ ላይ ተለጥፈው ወደ ሳንባ ይገባሉ፣ በአየር ቧንቧው ግድግዳ ላይ ያርፋሉ፣ እዚያው ሆነው የአልፋ ጨረር ይረጫሉ። የአልፋ ጨረርን አንድ ቅጠል ወረቀት ያስቆመዋል፤ ቆዳችንም ላዩን በሞቱ ሕዋሳት ስለተሸፈነ ይከላከለዋል። የሳንባ ውስጠኛ ግድግዳ እንዲህ ያለ ሽፋን የለውም። ጨረሩ ሙሉ ኃይሉን የሚያራግፈው ሕይወት ባለው ሕዋስ ላይ ነው።

ቁጥሩ ለዓይን እንዲታይ አንድ መኝታ ቤት እናስብ፤ 3 ሜትር በ4 ሜትር፣ ከፍታው ሁለት ሜትር ተኩል። 30 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። መጠኑ 100 ቤከሬል ከሆነ በዚያ ክፍል ውስጥ በየሴኮንዱ 3,000 የራዶን አቶሞች ይፈራርሳሉ፤ በአንድ ሰዓት ከ10 ሚሊዮን በላይ ማለት ነው። ጸሐፊው «እዚህ ግባ የማይባል» ያሉት ይህንን ነው።

«ማስረጃው ሁሉ የተወሰደው ከማዕድን ቆፋሪዎች ነው»

በጽሑፉ ውስጥ ከሁሉ የከበደውና ብዙ ሰው ያሳመነው ነጥብ ይህ ስለሆነ ረዘም አድርጌ እመልሰዋለሁ።

ነገሩ የጀመረው በእርግጥም ከማዕድን ጉድጓድ ነው። በጀርመን ሽኔበርግ አካባቢ ቆፋሪዎች በሳንባ በሽታ ያለ ዕድሜያቸው መሞታቸው ለዘመናት የታወቀ ነበር፤ ሃርቲንግና ሄሰ የተባሉ ሁለት ሐኪሞች በ1879 በሽታው የሳንባ ዕጢ መሆኑን አሳወቁ። ያኔ ራዶን የሚባል ነገር መኖሩ እንኳ አልታወቀም። በኋላ በብዙ አገሮች የዩራኒየም ቆፋሪዎች ላይ ክትትል ተደረገ፤ ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲም በ1988 ራዶንን በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጡ ከተረጋገጡት ነገሮች መደብ ውስጥ አስገባው።

ጸሐፊው እዚህ ላይ አቆሙ። ከዚያ በኋላ ተመራማሪዎቹ ራሳቸው፣ ልክ እንደ ጸሐፊው፣ «ከጉድጓድ ወደ ሳሎን መሻገር ይቻላልን?» ብለው ጠየቁ። መልሱን ለማግኘትም የሳንባ ካንሰር የያዛቸውን ሰዎችና በሽታው የሌለባቸውን ሌሎች ሰዎች መረጡ፤ ለዓመታት የኖሩባቸውን ቤቶች ለኩ፤ የእያንዳንዱን ሰው የማጨስ ታሪክ ጠይቀው መዘገቡ። በ2005 በዘጠኝ የአውሮፓ አገሮች የተደረጉ 13 እንዲህ ያሉ ጥናቶች በአንድነት ተተነተኑ፤ ከ7,000 በላይ ሕሙማንና ከ14,000 በላይ ማነጻጸሪያዎች ነበሩባቸው። ውጤቱ፦ የቤቱ የረጅም ጊዜ የራዶን መጠን በ100 ቤከሬል በጨመረ ቁጥር በሳንባ ካንሰር የመያዝ ዕድል በ16 በመቶ ገደማ ያድጋል። ከ200 ቤከሬል በታች የሆኑት ቤቶች ለብቻቸው ሲታዩ እንኳ ጭማሪው አልጠፋም። በዚያው ዓመት ሰባት የሰሜን አሜሪካ ጥናቶች ተደምረው 11 በመቶ ተገኘ። በእነዚህ ጥናቶች ውስጥ የተለኩት መኖሪያ ቤቶች ናቸው፤ አንድም የማዕድን ጉድጓድ አልተለካም።

«መኖሪያ ቤት እንደ ጉድጓድ ሊሆን አይችልም» ለሚለው ደግሞ የስታንሊ ዋትራስን ታሪክ ላስታውስ። በ1984 መጨረሻ በፔንሲልቬንያ ሊመሪክ በተባለው የኑክሌር ኃይል ማመንጫ ይሠራ ነበር። በበሩ ላይ ያለው የጨረር መፈተሻ በተደጋጋሚ ይጮኽበት ጀመር፤ መነሻው ማመንጫው መስሎ ሲፈለግ ቆየ። አንድ ቀን ገና ወደ ሥራ እንደገባ መፈተሻው ውስጥ ሲቆም ጮኸበት። ጨረሩን ይዞት የመጣው ከቤቱ ነበር! ቤቱ ሲለካ ወደ 100,000 ቤከሬል ተገኘ። ዋትራስ፣ ሚስቱና ልጆቹ የሚኖሩበት ተራ መኖሪያ ቤት ነው። ቤተሰቡ ወጥቶ ቤቱ ከተስተካከለ በኋላ፣ ከወራት ቆይታ ወዲህ፣ ተመልሶ ገብቶበታል።

ጸሐፊው በዚሁ ነጥብ ሥር አንድ የአሜሪካ ጥናት ጠቅሰዋል፤ «ራዶን በበዛባቸው ወረዳዎች የሳንባ ካንሰር ያነሰ ነው» የሚል። ጥናቱ እውነተኛ ነው፤ የፊዚክስ ሊቁ በርናርድ ኮኸን በ1995 ያወጣው ነው። ችግሩ ያነጻጸረው ሰውን ከሰው ሳይሆን የወረዳን አማካይ ከወረዳ አማካይ ጋር መሆኑ ነው። በወረዳ አማካይ ውስጥ ማን እንዳጨሰና ማን በየትኛው ቤት እንደኖረ አይታይም። በ2003 ጀሮም ፑስኪን የዚያኑ ዓይነት ስሌት በሌሎች ካንሰሮች ላይ ሞከረው። ከማጨስ ጋር ብርቱ ግንኙነት ያላቸው እንደ አፍና ማንቁርት ያሉ ካንሰሮችም ራዶን በበዛበት ወረዳ አንሰው ተገኙ፤ ከማጨስ ጋር የማይገናኙት ግን እንዲህ አልሆኑም። ስለዚህ ስሌቱ ያሳየው ራዶን በሚበዛባቸው ወረዳዎች የሚያጨሰው ሰው ማነሱን ነው። ጸሐፊው ይህንን ጥናት ሲጠቅሱ ይህን መልስ አብረው ቢያቀርቡት ለአንባቢ ፍትሐዊ ይሆን ነበር።

«የማያጨስ ሰው አይመለከተውም»

እዚህ ላይ ግማሹ እውነት ነው፤ ግማሹም ትንሽ አይደለም። የአውሮፓው ጥናት እንደሚያሳየው ፈጽሞ አጭሶ የማያውቅ ሰው እስከ 75 ዓመቱ በሳንባ ካንሰር የመሞት ዕድሉ ራዶን ከሌለ ከ1,000 ሰዎች 4 ያህል ነው፤ በ100 ቤከሬል 5፣ በ400 ቤከሬል 7 ይሆናል። የሚያጨስ ሰው ግን ከ100 ይነሣና በ100 ቤከሬል ወደ 120፣ በ400 ቤከሬል ወደ 160 ይደርሳል። ሁለቱ አደጋዎች ዝም ብለው አይደመሩም፤ ይባዛሉ። ስለዚህ ከራዶን ብርቱውን ጉዳት የሚቀበለው የሚያጨሰው ነው። አጫሽ ሆኖ ራዶን ከፍ ባለበት ቤት የሚኖር ሰው ካለ ትልቁ መድኃኒቱ ማጨስ ማቆም ነው፤ ይህን ማራገቢያ አይተካውም።

ነገር ግን ከ4 ወደ 7 መሄድ «አይመለከተውም» አይባልም። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ በዚያ አገር በራዶን ሳቢያ በዓመት 21,000 ያህል ሰዎች በሳንባ ካንሰር እንደሚሞቱ ይገምታል፤ ከእነርሱ 2,900 ያህሉ ፈጽሞ አጭሰው የማያውቁ ናቸው። የቤቱ አባወራ ያጨስ ወይም አያጨስ በራሱ ውሳኔ ነው። በምድር ቤት የምትተኛ የስምንት ዓመት ልጅ ግን ስለምትተነፍሰው አየር ማንም አልጠየቃትም።

«መንደራችን አዲስ ነው፤ የተለኩትም ደህና ናቸው»

በዚህ ነጥብ ላይ ከማንም ሰው ጥናት ይልቅ የራሴን ቤት ልመስክር። እኔም እንደ ጸሐፊው አስብ ነበር። በአጥር የምንዋሰነው ጎረቤቴ ቤቱን ለክቶ 45 ቤከሬል ሲያገኝ የእኔም ያው ነው ብዬ ተቀመጥኩ። በአንድ ዓመት የተሠሩ፣ በአንድ ንድፍ የቆሙ ቤቶች ናቸው። ሁለት ዓመት አለፈ። ከዚያ መለኪያ ገዝቼ ለሦስት ወር በታችኛው ክፍል አስቀመጥኩ፤ አማካዩ 210 ሆነ። ስንፈትሽ የውኃ ቱቦ ወለሉን በስቶ በሚገባበት ቦታ፣ ከመደርደሪያ ጀርባ፣ ዙሪያው ሳይደፈን የቀረ ክፍተት አገኘን። ሠሪው ሳይደፍነው ሄዷል። ቤቱ አዲስ ነበር፤ ቀለሙ ገና አልደበዘዘም።

የሁለት ጎረቤታሞች ቤት የሚለያይበት ምክንያት ብዙ ነው። ከአንዱ ወለል በታች ጠጠሩ ጋዝ ያሳልፋል፤ በሌላው ሥር ያለው ሸክላ አፈር ይይዘዋል። የአንዱ ወለል ተሰንጥቋል፣ የሌላው አልተሰነጠቀም። አንዱ ማሞቂያውን አብዝቶ ያበራል፤ ሞቃት አየር ወደ ላይ ወጥቶ በጣሪያው በኩል ሲያመልጥ ከታች ያለው ግፊት በጥቂቱ ይቀንሳል፣ ቤቱም እንደ ጡት ጠቢ ልጅ ከአፈሩ አየር ይስባል። አዲስ ቤት ደግሞ ኃይል እንዳያባክን አጥብቆ የተደፈነ ስለሆነ የገባው ጋዝ በቀላሉ አይወጣም። ካርታም ሆነ የጎረቤት ውጤት ስለ አካባቢው ይናገራል፤ ስለ እርስዎ ወለል የሚናገረው እርስዎ ቤት የተቀመጠ መለኪያ ብቻ ነው።

«መለኪያዎቹ አይታመኑም»

ጸሐፊው ራሳቸው ሁለት ጊዜ ለክተው መጀመሪያ 60፣ ቀጥሎ 140 ማግኘታቸውን ገልጸው «የትኛውን ልመን?» ይላሉ። ቅን ጥያቄ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው ልኬት መስኮት ተከፍቶ በሚዋልበት ወቅት፣ ሁለተኛው በብርድ ወራት መሆኑን እዚያው ጽፈዋል። መለኪያው አልዋሸም፤ ቤቱ ነው የተለዋወጠው። የራዶን መጠን ሌሊት ከቀን፣ በብርድ ወቅት ከሙቀት ወቅት ብዙ ጊዜ ከፍ ይላል፤ በነፋስ፣ በዝናብና በአየር ግፊት መዋዠቅም ይቀያየራል።

መፍትሔው ለምን ዓላማ በምን እንደሚለካ ማወቅ ነው። ከሁለት እስከ ሰባት ቀን የሚቀመጠው የከሰል መመርመሪያ ለመጀመሪያ ፍተሻ ይበቃል፤ በሮችና መስኮቶች ልኬቱ ከመጀመሩ 12 ሰዓታት አስቀድሞ ጀምሮ መዘጋት አለባቸው፤ ጊዜው ሲያልቅም ሳይውል ሳያድር ወደ ቤተ ሙከራ መላክ አለበት፤ ራዶን በየ3.8 ቀኑ በግማሽ ስለሚቀንስ መሳቢያ ውስጥ የሰነበተ መመርመሪያ ዋጋ የለውም። ለቁርጥ ውሳኔ የሚሻለው ከሦስት ወር እስከ አንድ ዓመት የሚቆየው ነው፤ ትንሽ የፕላስቲክ ቁራጭ ናት፣ የአልፋ ጨረር የጫረባት ምልክት በኬሚካል ጎልቶ በማጉሊያ ይቆጠራል። የትኛውም ቢሆን የሚቀመጠው ሰው በሚኖርበት ዝቅተኛ ወለል፣ ከወለሉ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከመስኮት፣ ከማሞቂያ፣ ከማእድ ቤትና ከመታጠቢያ ቤት ርቆ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2009 ያወጣው የመመዘኛ መጠን 100 ቤከሬል ነው፤ አገሮች ይህን ማሟላት ቢያቅታቸው እንኳ ከ300 እንዳያልፉ ይመክራል። አሜሪካ እርምጃ ይወሰድ የምትልበት 148 ነው። እነዚህ መስመሮች የአደጋ መጀመሪያ አይደሉም፤ አገሮች ከአቅማቸው ጋር አመዛዝነው ያሰመሯቸው ናቸው። ጸሐፊው በ140ው ውጤታቸው «ከአሜሪካው መስመር በታች ነኝ» ብለው ማረፋቸው ስለዚህ አያሳምነኝም። አንድ ዓመት የሚቆይ መለኪያ ቢያስቀምጡ ደስ ይለኛል።

«መስኮት መክፈት ይበቃል»

መስኮት እስከተከፈተ ድረስ ይረዳል። ሲዘጋ ግን ጋዙ በግማሽ ቀን ውስጥ ወደ ነበረበት ይመለሳል፤ በብርድ ሌሊት ማን ከፍቶ ያድራል? የላይኛውን ፎቅ መስኮት ብቻ መክፈት እንዲያውም ከታች ያለውን የመሳብ ኃይል ሊያባብሰው ይችላል። ስንጥቅ መድፈንም ብቻውን አያዘልቅም፤ አሮጌው ሲደፈን አዲስ ይሰነጠቃል። የተረጋገጠው ዘዴ ወለሉን በስቶ ቱቦ ማስገባትና ሳያቋርጥ በሚሠራ ማራገቢያ ከሥር ያለውን አየር ስቦ ከጣሪያ በላይ መልቀቅ ነው። ጋዙ ቤት ሳይገባ ከሥር ይወሰዳል። የእኔ ቤት ከ210 ወደ 35 የወረደው በዚህ ነው። የማራገቢያው ድምፅ በሌሊት ጸጥታ ትንሽ ይሰማል፤ ተለምዷል።

ጸሐፊው በመካከል ስለ ግራናይት ጠረጴዛ ያነሡትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ላልፈው፦ ጥቂት ራዶን ይሰጣል፣ ነገር ግን የቤት ራዶን ዋናው ምንጭ ከወለል በታች ያለው አፈር ነው።

«ወሬውን የሚያናፍሱት ሻጮች ናቸው»

ስለ ሻጮች ያሉት እውነት አለው። እኔንም አንድ ነጋዴ በሁለት ቀን ልኬት ብቻ፣ መስኮት ይዘጋ አይዘጋ እንኳ ሳይጠይቅ፣ ዛሬውኑ ካልፈረምክ ብሎ አጣድፎኛል። ለዚህ መድኃኒቱ የሚለካውና የሚያስተካክለው እንዲለያዩ ማድረግ ነው፤ አንዱ ይለካ፣ ሌላው ይሥራ፣ ከሥራው በኋላ ደግሞ ገለልተኛ ሰው እንደገና ይለካ። ነገር ግን የሽኔበርግ ሐኪሞች ማራገቢያ አልሸጡም። 13ቱን ጥናቶች ያካሄዱት ተመራማሪዎችም የሚሸጡት ቱቦ የላቸውም። በአጋጣሚው የሚጠቀም ነጋዴ መኖሩ ጋዙን አያጠፋውም።

«የሞተ አንድ ሰው ስም ጥሩልኝ»

አልችልም። ማንም አይችልም። አንድ የሳንባ ዕጢ በማጉሊያ ቢታይ «እኔ የራዶን ነኝ» አይልም፤ ሐኪሙ የሚጽፈው «የሳንባ ካንሰር» ብሎ ነው፤ ሕመሙም የሚመጣው ከተተነፈሰው አየር ዓመታት ቆይቶ፣ ምናልባትም ሰውየው ከዚያ ቤት ለቅቆ ከሄደ በኋላ ነው። በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ተቆጥረው ነው ነገሩ የሚታየው። በሲጋራም ቢሆን ይኸው ነው፤ ከአጫሾች መካከል የትኛው በሲጋራው፣ የትኛው በሌላ ምክንያት እንደታመመ በእርግጠኝነት አይለይም፤ ስለ ሲጋራ ግን ጸሐፊው ራሳቸው አልተጠራጠሩም። በመንደራችን ደግሞ ካሉት ቤቶች የተለኩት በጣት የሚቆጠሩ ስለሆኑ ስም መጠየቁ የሚቀድም አይመስለኝም። መጀመሪያ ቁጥሩ ይገኝ።

የእኔ መለኪያ ሥራውን ጨርሶ መደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። በየቀኑ የሚያነብ፣ አማካዩንም የሚይዝ ነው። ምድር ቤቱን የልጆቿ መኝታ ላደረገችው ጎረቤቴ ለአንድ ወር ሰጥቻታለሁ፤ እርሷ ስትመልስልኝ ተራው የፈለገ ሰው ነው። ጸሐፊውም ቢፈልጉ በሬ ክፍት ነው፤ ራሴ አምጥቼ የት እንደሚቀመጥ አሳያቸዋለሁ፣ ውጤቱንም እርሳቸው ካልፈቀዱ ለማንም አልናገርም።